የኛ ቤት ሰዓት

ጁባ፣ ሙኑኪ ሰፈር ውስጥ ከከማል ሱቅ ሰዓት ጠይቆ በቀጠሮው የደረሰ ሰው የለም ይባላል። ከማል እኔ ነኝ። የሚያሙኝ ሁሉ ደንበኞቼ ስለሆኑ አልቀየማቸውም፤ ሰዓቴ ግን አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። የሚሳሳቱት አንባቢዎቹ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሰባት ዓመት ከኮምቦልቻ ጁባ መጥቼ ሱቅ ስከፍት፣ ከመደርደሪያው በላይ አንድ ክብ የግድግዳ ሰዓት ሰቀልኩ። የሞላሁት እንደ አገሬ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ሁለት፣ እኩለ ቀን ላይ ስድስት። የጁባ ሰው ቀና ብሎ ያየውና «ሐበሺ፣ ሰዓትህ ሞቷል» ይለኛል።

«ቆሟል እንዴ?» እላለሁ።

«አልቆመም፣ ይሄዳል።»

«እንግዲያው የሞተ ነገር አይሄድም።»

መንግሥት ያገሩን ሰዓት ባንድ ሰዓት ወደ ኋላ ሲመልስ እኔም ታዝዤ መልሻለሁ። ከዚያ በላይ ግን ማንም አያዘኝም አልኩ። ባለቤቴ ሮዳ ሰው እንዳይስቅብኝ ብላ ስንት ጊዜ ለምናኝ እምቢ አልኳት። ግትር ነኝ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ይህንኑ ስትነግረኝ ኖራለች።

ሮዳ የዚህ አገር ልጅ ናት፤ ያደገችው ግን ጋምቤላና አዲስ አበባ ነው፤ አማርኛዋ ከኔ ይሻላል። ስንጋባ የመጀመሪያ ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ኛቦል የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረቻት። ይህን የምተርክላችሁ ነገር ሲደርስ ኛቦል አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል።

በነዚያ አምስት ዓመታት ኛቦል ስም ጠርታኝ አታውቅም። ለእናቷ ስለኔ ስትናገር «እሱ» ነኝ። ለኔ ስትናገር ደግሞ «እህ» ብላ ጉሮሮዋን ጠረግ ታደርግና ትቀጥላለች። «እህ፣ ዳቦ አልቋል።» «እህ፣ እናቴ ትጠራሃለች።» አማርኛ የለመደችው ከእናቷና ከኔ ስለሆነ ቋንቋ አልቸገራትም፤ የቸገራት እኔን ምን ብላ እንደምትጠራኝ ነው። እኔም ደርሼ «እንዲህ በይኝ» አላልኳትም። የአባቷ ፎቶ እቤታችን ግድግዳ ላይ አለ፤ ምስማሩን የመታሁት እኔ ራሴ ነኝ። የሰው ቦታ አልቀማም፣ ብዬ ነበር ለራሴ።

ሱቁ ከግቢያችን በር ጋር የተያያዘ ነው። ኛቦል ከትምህርት ቤት ስትመለስ እውስጥ ገብታ የዘይት ካርቶን ላይ ቁጭ ትላለች፤ የቤት ሥራዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትሠራለች። ጠዋትም ሳልከፍት ትመጣለች፣ ዳቦዋን ይዛ ትወጣለች። እኔ መብራት ስላለ ነው የምትመጣው እል ነበር።

እንግዲህ የዚያን ሳምንት ሮዳ ለሥራ ማላካል ሄዳለች። አንድ ድርጅት ውስጥ የሕፃናት ምግብ ባለሙያ ናት፤ ወደ ገጠር ሲልኳት ዐሥር ዐሥር ቀን ትቆያለች። እኔና ኛቦል ብቻችንን ቀርተናል። እሑድ ከሰዓት ላይ ልጅቷ ጫማዋ አቧራ ለብሶ ገባች።

«የት ነበርሽ?» አልኳት።

«እህ፣ ሸሪካት። አጎቴ ጋ። ወረቀት ሊፈርምልኝ።»

«የምን ወረቀት?»

«የጥያቄና መልስ ውድድር። አባት ወይም አሳዳጊ ይፈርም ይላል።»

ሸሪካት ከወንዙ ድልድይ ማዶ ያለ ሰፈር ነው። ሁለት መኪና ይያዛል፤ በዚያ ፀሐይ። እኔ ደግሞ እስክሪብቶ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ከእግሯ አምስት እርምጃ የማልርቅ ሰው ነኝ።

«ሸሪካት እኮ ሩቅ ነው» አልኳት።

«ሩቅ አይደለም» ብላኝ ገባች።

አልዋሻችሁም፣ አመመኝ። ሮዳ ማታ ስትደውል ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ «አንተስ፣ ልፈርምልሽ ብለሃታል?» አለችኝ።

«አልጠየቀችኝማ።»

«ሁለታችሁም በር ላይ ቆማችሁ አንተ ግባ አንቺ ግቢ የምትባባሉ ሰዎች ናችሁ። ማላካል ሆኜ እኔ አላስታርቃችሁ» አለችና ኔትዎርኩ ተቋረጠ።

ውድድሩ በከተማው ባሉ ትምህርት ቤቶች መካከል ነው። ከየትምህርት ቤቱ ሦስት ሦስት ልጅ ይቀርባል፤ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው፤ ደወል ቀድሞ የመታ ይመልሳል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከሬዲዮ ጣቢያው አዳራሽ በቀጥታ ይተላለፋል፣ ያሸነፉት ሁለቱ ቅዳሜ በቴሌቪዥን ይገናኛሉ። ኛቦል ለሁለት ወር ሌላ ወሬ አልነበራትም። ያ ቴሌቪዥን ላይ የመቅረቡ ነገር እንቅልፍ ነስቷታል። እኔን አልነገረችኝም፤ ለእናቷ ስትነግራት በመጋረጃ በኩል ሰምቼ ነው።

ሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ሬዲዮዬን ሳሙና መሐል አስቀምጬ ከፈትኩ። ጎረቤቴ ሙቱዋ መቀሱን እንደያዘ ገባ። ሙቱዋ ኬንያዊ ፀጉር አስተካካይ ነው፣ ግድግዳ ነው የሚለየን። ከኋላው ግማሽ ራሱ የተላጨ ደንበኛው ፎጣ እንዳገለደመ ተከትሎት መጣ።

«የኛ ልጅ የምትቀርበው ዛሬ አይደል?» አለ ሙቱዋ።

«እኔ ዜና ልሰማ ነው የከፈትኩት» አልኩት።

ሙቱዋ ዜና የሚጀምረው ከአንድ ሰዓት በኋላ መሆኑን ያውቃል። አልተከራከረኝም፤ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

አቅራቢው የአዋቂ ሰው አጥንት ስንት ነው ብሎ ጠየቀ። ደወል ተመታ። ከዚያ፣ ስሟ ሳይጠራ፣ ሬዲዮኑ ውስጥ «እህ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ያንን ጉሮሮ ከሺህ ሰው መሐል እለየዋለሁ። እጄ ላይ የነበረው የሻይ ቅጠል ፓኮ ወደቀ። ሁለት መቶ ስድስት ብላ መለሰች፤ ተጨበጨበ። ግማሽ የተላጨው ሰውዬም አጨበጨበ።

ማታ ስትመጣ «እንኳን ደስ ያለሽ» ልላት ቀኑን ሙሉ ሳዘጋጅ ዋልኩ። ከአፌ የወጣው ግን «ዳቦ አለ» የሚል ነው።

«እህ፣ አመሰግናለሁ» አለችኝ።

ማክሰኞ ተራቸው አልነበረም። ረቡዕ አሁንም አሸነፉ። የዚያን ቀን ብርቱካን ጭማቂና አንድ ፓኮ ብስኩት የዘይት ካርቶኑ ላይ አስቀምጬላት ወደ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ ሄዳለች፤ ብስኩቱን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ሚዛኑ ላይ ትታልኛለች። ባይርበኝም በላሁት።

ሐሙስ ማለፍ ወይም መቅረት ነው። ሱቄ እንደዚያ ቀን ሞልቶ አያውቅም፤ ዕቃ የገዛ ግን የለም። ዙሩ ሲያልቅ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች እኩል ነጥብ አመጡ። አቅራቢው አንድ መለያ ጥያቄ እንደሚጠየቅና ቀድሞ በትክክል የመለሰ ወደ ቅዳሜ እንደሚያልፍ ተናገረ። የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረግኩ።

«በከተማችን በጁባ» አለ አቅራቢው «ፀሐይ የምትወጣው በግምት በስንት ሰዓት ነው?»

ሙቱዋ ገና ከጥያቄው አጨበጨበ፤ ይህን ማን ያጣዋል። ደወሉ ተመታ። «እህ» የሚለው ድምፅ መጣ። ቢስሚላህ አልኩ።

«ትዌልቭ ኦክሎክ» አለች ኛቦል።

ከዚያ አዳራሹ ሳቀ። አቅራቢው እራሱ እየሳቀ «እናንተ ሰፈር ፀሐይ የምትወጣው በእኩለ ሌሊት ነው?» አላት። ሌላኛው ትምህርት ቤት ስድስት ብሎ መለሰ፤ ሙዚቃ ተከፈተ። አለቀ።

ሱቁ ውስጥ ያሉት «አይ፣ አይ፣ ደንግጣ ነው» ይላሉ። እኔ ሬዲዮኑን ልዘጋ እጄን ስዘረጋ ሙቱዋ ከራሴ በላይ ያይ ነበር። ዞር ብዬ እሱ የሚያየውን አየሁ። ሰዓቴን ነው።

«ከማል» አለኝ «ልጅቷ እኮ ልክ ናት። በኛም ቋንቋ ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ሁለት ነው የምንለው። ሳአ ኩሚ ና ምቢሊ።»

አንባቢዎቼ፣ አሁን የምነግራችሁን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ያኔ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ልጅቷ በመላው ጁባ ፊት እየተሳቀባት እኔ ደስ አለኝ። አምስት ዓመት ሙሉ እንግዳ ሆና የምትቀመጥ የመሰለችኝ ልጅ፣ ቀና እያለች የኔን ሰዓት ስታነብ ኖራለች። አገር ምድሩ የሳቀበትን ሰዓት፣ እናቷ እንኳ አውርደው ያለችኝን ሰዓት። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ፀሐይ መቼ ትወጣለች ሲሏት የመጣላት እሱ ነው።

ከዚያ ደስታው በእፍረት ተተካ። የልጅቷን ቅዳሜ የበላባት የኔ ግትርነት ነው። ወንበር ላይ ወጣሁ፣ ሰዓቱን ከምስማሩ አወረድኩ፣ ሱቁን ለሙቱዋ አደራ ሰጥቼ ወጣሁ። አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀንበር ሳለ ሩጥ ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ከሁለተኛው ጀመርኩ።

የመጀመሪያውን ቦዳቦዳ አስቁሜ ከኋላው ተቀመጥኩ። ባለ ሞተሩ ሰዓቱን አየና «ልታሠራው ነው?» አለኝ። «አይደለም፤ እሱ ደኅና ነው» አልኩት። ሰዓቱን ደረቴ ላይ አቅፌ መንገዱን በሙሉ በአረብኛ ምን እንደምል ስለማመድ ሄድኩ። ጥሩ ነገር አዘጋጅቼ ነበር።

ሬዲዮ ጣቢያው በር ላይ ዘበኛው እጁን ዘረጋ።

«ዴ ሹኑ?» አለኝ። ይህ ምንድን ነው ማለቱ ነው።

«ሰዓት ነው።»

«አያለሁ። ውስጥ እኮ ሰዓት አላቸው።»

«የነሱ ሌላ ነው።»

መልሴ አላማረውም። ሰዓቱን ጆሮው ላይ አደረገና ቀጭ ቀጭ ሲል ሰማው። ፊቱ ተለወጠ። በዚህ ከተማ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር አቅፎ ሬዲዮ ጣቢያ የሚሮጥ ሰው አይወደድም፤ እኔ ብሆንም አላስገባም። ገለበጠው፣ ከጀርባው ባትሪውን አወጣና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። «ስትወጣ ትወስዳለህ፤ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» አለኝ። ሰዓቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከዐሥር ላይ ቆመ።

አዳራሹ ውስጥ ሰው ገና አልተበተነም። ኛቦል ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አንደኛዋ ጓደኛዋ ታለቅሳለች። ኛቦል ግን አላለቀሰችም፤ ጉልበቷን አቅፋ ወለሉን ታያለች። ቀና ስትል እኔን አየች፤ ከዚያ ያቀፍኩትን አየች። ዓይኖቿን ጨፈነች።

ያኔ ገባኝ። አንድ እፍረት አልበቃት ብሎ ሁለተኛውን አቅፌ መጥቻለሁ። ልመለስ ነበር፤ እግሬ ግን ቀድሞኝ ዳኞቹ ጠረጴዛ ዘንድ አድርሶኛል። የዳኞቹ አለቃ ኡስታዝ ላዱ የሚባሉ ሽማግሌ መምህር ናቸው፤ መነጽራቸውን እየጠረጉ ነበር። አጠገባቸው ያ በሬዲዮ ይጠይቅ የነበረው ወጣት አቅራቢ ቆሟል።

«ልጅቷ አልተሳሳተችም» አልኩ። መንገድ ላይ ካዘጋጀሁት ሁሉ የቀረኝ ይህች ብቻ ናት።

«የትኛዋ ልጅ?» አለ አቅራቢው።

«ኛቦል። አሥራ ሁለት ያለችው። ይኸው ሰዓቱ» ብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

አቅራቢው ጎንበስ ብሎ አየው። «ይህ እኮ ቆሟል» አለ። በዙሪያችን የተሰበሰቡት ልጆች ሳቁ።

«አንተ ማን ነህ?» አሉኝ ኡስታዝ ላዱ በደኅና አነጋገር። «ምኗ ነህ?»

ያችን ጥያቄ አልተዘጋጀሁባትም። አባቷ ልበል? የፈረመላት እኔ አይደለሁም። እዚያ ተቀምጣ እየሰማችኝ እንዴት አድርጌ። «የሱቁ ባለቤት ነኝ» አልኩ። ሳቁ ባሰ። አቅራቢው «ባለ ሱቁ ዳኛ ሊሆን መጥቷል» አለ።

አግዳሚው ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። ኛቦል ተነሥታ መጣችና ከጎኔ ቆመች። ጉሮሮዋን አልጠረገችም።

«አትሳቁበት» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት በጁባ አረብኛ። «ዴ አቡ ታይ። ሰዓቱም የኛ ቤት ሰዓት ነው። ልክ ነው።»

ዴ አቡ ታይ ማለት ይህ አባቴ ነው ማለት ነው። ይህን ሳልተረጉምላችሁ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቃሉ በተባለበት ቋንቋ ነው እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ ያለው። ጠረጴዛውን ይዤ ቆምኩ። እንባዬ እንዳይታይ ሰዓቱን ማስተካከል ጀመርኩ፤ የቆመ ሰዓት ምኑ ይስተካከላል።

ኡስታዝ ላዱ እጃቸውን አንሥተው ልጆቹን ዝም አሰኙ። «እስኪ አስረጂኝ» አሏት።

«እኛ ቤት ቀን የሚጀምረው ከንጋት ነው» አለች። «ጠዋት ዳቦ ልወስድ ሱቁ ስገባ ፀሐይ ትወጣለች። ሰዓት ቆጣሪውና ደቂቃ ቆጣሪው ሁለቱም እላይ ተደራርበው ነው ያሉት። አሥራ ሁለት ላይ። ፀሐይ ስትሉኝ የታየኝ እሱ ነው። ስድስት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እሱ አልታየኝም።»

ሽማግሌው ሳቁ፤ የሳቸው ሳቅ ሌላ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ኬንያ ተሰደው እንደተማሩ፣ የመጀመሪያ ቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ና ሲባሉ ቀትር ላይ ሄደው እንደተገረፉ ነገሩን። «ሳአ ኩሚ ና ምቢሊ» አሉ፤ ልክ እንደ ሙቱዋ።

ተስፋዬ ብድግ አለ። ሽማግሌው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ነጥቡን አልመልስም» አሉኝ። «ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው፣ በእንግሊዝኛ ስድስት ነው። እነዚያም ልጆች ትክክል መልሰዋል፤ የሷ እውነት የነሱን አይሽረውም።» ወደ ኛቦል ዞሩ። «ቅዳሜ ግን ሰዓት ያዥ እፈልጋለሁ። ደቂቃ ይዞ በቃ የሚል ሰው። ሁለት ዓይነት ሰዓት የምታነብ ልጅ እያለች ሌላ አልፈልግም። ቴሌቪዥን ስለሆነ ወላጅ ይፈርምበት» ብለው አንድ ወረቀት ሰጧት። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ስትከተው አየሁ።

ስንወጣ ዘበኛው ባትሪውን መለሰልኝ። ኛቦል ባትሪውንም ሰዓቱንም ከእጄ ተቀበለችኝ፣ እራሷ ጀርባውን ከፍታ አስገባችውና ዘበኛውን ስንት ሰዓት ነው አለችው። «አምስት ከአርባ» አላት። እሷ አሥራ አንድ ከአርባ ላይ ሞላችው። ዘበኛው በትከሻዋ በኩል አይቶ «ተሳሳትሽ» ቢላት «አልተሳሳትኩም» አለችው።

ትንሽ በእግራችን ሄድን። ሰዓቱን የያዘችው እሷ ናት። አሁን ካልጠየቅሁ መቼም አልጠይቅም አልኩና «ሸሪካት ለምን ሄድሽ?» አልኳት።

«አንተ ነህ ያልከው» አለች።

«ምን አልኩ?»

«አራተኛ ክፍል ሆኜ። አንዲት ሐበሻ ሴትዮ መጥታ ልጅህ ናት ወይ አለችህ። አይ፣ የሚስቴ ናት አልካት። ስኳር እየመዘንክ።»

ሴትዮዋን አላስታውሳትም። ስኳሩንም፣ ቃሉንም አላስታውሰውም። በቀን ስንት ሰው አናግሬ ስንት ኪሎ እመዝናለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል የሰማሁት ልጅ ሆኜ ነው፤ ወጊው እኔ እሆናለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር። መንገዱ ዳር ቆምኩ።

«ኛቦል» አልኳት «እኔ የአባትሽን ቦታ እንዳልቀማ ብዬ ነው። ልጄ ናት ብል እሱን የምሰርቀው ይመስለኝ ነበር። ላንቺ ክብር ያደረግኩ መስሎኝ ነው።»

ሰዓቱን እያየች አሰበች። «ሁለት ዓይነት ሰዓት እችል የለ?» አለችኝ።

ቦዳቦዳ አስቆምኩ፤ ሦስታችን፣ እኔ፣ እሷና ሰዓቱ፣ ተጣበን ሙኑኪ ገባን። ሙቱዋ ሱቁን ከፍቶ እየጠበቀን ነበር። ምንም ሳይጠይቅ ወንበሩን አቀረበልኝ፤ ሰዓቱን ሰቀልኩት።

አሁን ነገሩ እዚህ ጋ ቢያልቅ ታሪክ ይመስላል። ግን አርብ አለ። አርብ ቀኑን ሙሉ ያንን ወረቀት ሳስብ ዋልኩ። ሰው በተናደደ ጊዜ፣ ሊሟገትልህ ብሎ የሚናገረው አለ፤ ተረጋግቶ ወረቀት ላይ የሚያደርገው ሌላ ነው። ትናንት የተናገረችው ስለሳቁብኝ አዝናልኝ ቢሆንስ? ጁምዓ ሰግጄ ስመለስ ኛቦል ከትምህርት ቤት መጥታ ካርቶኗ ላይ ተቀምጣለች። ቦርሳዋ ተዘግቷል። አንድ ሰዓት ጠበቅሁ። በመጨረሻ የምችለውን አልኩ።

«ሸሪካት የምትሄጂ ከሆነ እንዳይመሽብሽ፤ ሱቁን ልዝጋና ላድርስሽ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ቦርሳዋን ከፈተች፣ ወረቀቱን አወጣች፣ ሚዛኑን ገፋ አድርጋ ባንኮኒው ላይ ዘረጋችልኝ። ከዚያ እጇን ወደ ጆሮዬ ሰድዳ እስክሪብቶውን ነቀለችና አጠገቡ አስቀመጠች።

«ሸሪካት ሩቅ ነው» አለችኝ።

ፈረምኩ። ፊርማዬ መስመሩን ለቅቆ ወጣ፤ የእስክሪብቶ አያያዜን ያየ ሰው ፊደል ያልቆጠረ ነው ይለኛል። ወረቀቱን አየችውና «ይነበባል» ብላ አጠፈችው።

ቅዳሜ የሙቱዋ ፀጉር ቤት ቴሌቪዥን ፊት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ኛቦል ነጭ ሸሚዝ ለብሳ፣ በእጇ ትንሽ ሰዓት ይዛ፣ ከጠረጴዛው ጥግ ተቀምጣለች። የተናገረችው «በቃ» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው፤ ደቂቃ ባለቀ ቁጥር። ሮዳ ከማላካል ደውላ ነበርና ሙቱዋ ስልኩን ቴሌቪዥኑ ፊት ደቅኖ ክንዱ እስኪዝል ያዘላት። ማን እንዳሸነፈ ብትጠይቁኝ አላስታውስም።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ይህን የጻፍኩት እንደኔ የሌላ ሰው ልጅ የምታሳድጉ ካላችሁ ብዬ ነው። ጨዋነት መስሏችሁ በር ላይ የቆማችሁ ካላችሁ። እኔ አምስት ዓመት ሙሉ ልጅቷ እስክትጠራኝ ጠበቅሁ፤ ለካ እሷ እኔ እስክጠራት ትጠብቃለች። ቀድሞ መጥራት ያለበት ትልቁ ሰው ነው። አላወቅኩም ነበር፤ ሰዓቴን እንጂ ራሴን አላየሁማ። ሞኝነቴ ባያሳፍረኝ ኖሮ ይህን ቀድሜ እነግራችሁ ነበር።

«እህ» የምትለው ነገር አልቀረም፤ ልማድ ነው። አንዳንዴ «አባ» ይከተለዋል፣ አንዳንዴ አይከተለውም። አላስገድዳትም።

ባለፈው ሰሞን አንድ አዲስ የመጣ ያገሬ ልጅ ስኳር ሊገዛ ገባ። እየመዘንኩለት ነበር። ኛቦል ከኋላዬ ካርቶኗ ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች።

«ልጅህ ናት?» አለኝ።

የእስክሪብቶዋ ድምፅ ቆመ። እኔም መመዘኑን አቆምኩ። ስኳሩን አስቀመጥኩ፣ እጄን አራገፍኩ፣ ሰውዬውን ዓይን ዓይኑን አየሁት።

«አዎ፣ ልጄ ናት» አልኩት።

እስክሪብቶዋ ቀጠለ።